ከስልኩ ጀርባ ያለው ማነው? የሳይበር ወንጀል ክስን ከሁለቱም ወገን መከራከር፣ የእንግሊዝ ባሪስተሮች እንደሚሰሩት

እንግሊዝ አገር ባሪስተር የሚባለው ያው ዊግና ካባ አድርጎ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከረው ጠበቃ ነው፣ ግን ለኛ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚገባው አንድ ነገር አለ። እኛ ጋ ዐቃቤ ህግ ዐቃቤ ህግ ነው፣ ጠበቃም ጠበቃ። እዛ ግን አብዛኛው የወንጀል ባሪስተር በግሉ የሚሰራ ስለሆነ ሲፒኤስ የሚባለው የዐቃቤ ህግ መስሪያ ቤት ፋይል ሰጥቶት ሲከስ ይከርምና በሚቀጥለው ወር እዛው ፍርድ ቤት እዛው ዳኛ ፊት ተመሳሳይ ክስ የቀረበበትን ሰው ሲከላከል ታገኙታላችሁ፣ ማንም አይደነቅም። እንደውም በሙያቸው ደንብ "ይሄ ደንበኛ አይመቸኝም" ብሎ መምረጥ አይቻልም፣ ተራ ላይ የቆመ ታክሲ የመጣለትን ተሳፋሪ እንደሚጭነው ነው፣ ደንቡም ስሙ ካብ ራንክ ሩል ነው።

ለሳይበር ጉዳይ ይሄ ልማድ በጣም ይጠቅማል። ስትከሱ ተከላካዩ የት ጋ እንደሚመታችሁ ታውቃላችሁ፣ ስትከላከሉ ደግሞ ዐቃቤ ህጉ ፋይል ውስጥ ምን እንደጎደለ ቶሎ ይሸታችኋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ከሁለቱም ወንበር ሆናችሁ አንብቡት። የምጽፈው ለንደን ምናምን ህግ እየተማራችሁ ላላችሁና አገር ቤት ሆናችሁ ዲጂታል ማስረጃ ለሚያስጨንቃችሁ የህግ ሰዎች ነው። እንግሊዝ ስል እንግላንድና ዌልስ ማለቴ ነው፣ ስኮትላንድ የራሷ ህግ አላት። የእንግሊዝ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ክሱን አንብቡ፣ ቴክኒኩ ይቆይ

ብዙ ጀማሪ የሳይበር ፋይል ሲሰጠው በቀጥታ ወደ ቴክኒክ ሪፖርቱ ይሮጣል፣ 300 ገጽ ሎግ ፋይል (ኮምፒውተሩ የያዘው የእንቅስቃሴ መዝገብ) ውስጥ ይሰጥማል። አታድርጉት። መጀመሪያ የክስ ወረቀቱን አውጡና "ምን ምን ነገር መረጋገጥ አለበት" ብላችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ።

ዋናው ህግ የ1990ው ኮምፒውተር ሚስዩዝ አክት ነው። የመጣበት ምክንያት ራሱ ትምህርት ነው፦ ሁለት ሰዎች ፕሬስቴል የሚባል የብሪቲሽ ቴሌኮም አገልግሎት ውስጥ በሰው ፓስወርድ ገብተው የልዑል ፊሊፕን የመልእክት ሳጥን ሳይቀር ከፈቱ፣ ዐቃቤ ህግ የሚከስበት አንቀጽ ቢያጣ በሀሰተኛ ሰነድ ህግ ከሰሳቸው፣ በ1988 የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ነበር) "ይሄ ፎርጀሪ አይደለም" ብሎ ነጻ አላቸው። ከዛ ነው ህጉ የወጣው።

አንቀጽ 1 ያልተፈቀደ መግባት ነው፣ እስከ 2 ዓመት። አንቀጽ 2 ሌላ ወንጀል ለመስራት አስቦ መግባት፣ እስከ 5 ዓመት። አንቀጽ 3 የኮምፒውተርን ስራ ማወክ ነው፣ እነ ዲዶስ አታክ (ሰርቨርን በጥያቄ ጎርፍ ማጨናነቅ)፣ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ መጠየቅ) ምናምን እዚህ ይገባሉ፣ እስከ 10 ዓመት። በ2015 የተጨመረ 3ዜድኤ የሚባል አለ፣ ከባድ ጉዳት ላደረሰ 14 ዓመት፣ የሰው ህይወት ወይም የአገር ደህንነት ላይ ከመጣ እስከ እድሜ ልክ ይሄዳል። 3ኤ ደግሞ ለነዚህ ወንጀሎች የሚውለውን መሳሪያ ወይም ፕሮግራም መስራትና ማቅረብ ነው፣ 2 ዓመት።

አንቀጽ 1 ላይ ቁም ነገሩ ያለው "ያልተፈቀደ" ላይ ብቻ አይደለም፣ ተከሳሹ በዛች ሰዓት ያልተፈቀደ መሆኑን ማወቅ ነበረበት። ይሄን የሚረሳ ዐቃቤ ህግ ብዙ ነው። የድሮ ሰራተኛ ከስራ ከወጣ በኋላ አካውንቱ ሳይዘጋ ቀርቶ ገባ እንበል፣ መግባቱን ሎጉ ያሳያል፣ ማወቁን ግን ሎግ አያሳይም። ስለዚህ ከሳሽ ከሆናችሁ የስራ ማቋረጫ ደብዳቤውን፣ የኩባንያውን የአይቲ ደንብና የፈረመበትን ወረቀት አሁኑኑ ጠይቁ፣ ተከላካይ ከሆናችሁ ደግሞ እነዚህ ወረቀቶች አሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የሉም።

ፈቃድ ያለው ሰራተኛስ? በ1999 የአሜሪካን ኤክስፕረስ ሰራተኛ ጉዳይ ላይ የጌቶች ምክር ቤት ተናግሮበታል፦ አንዳንድ የደንበኛ አካውንት ለማየት ስለተፈቀደልሽ ሁሉንም አካውንት ማየት ተፈቅዶልሻል ማለት አይደለም። የ2006ቱ ደግሞ አንድ ልጅ ለድሮ ቀጣሪው ወደ 5 ሚሊዮን ኢሜይል አዘነበ፣ የመጀመሪያው ዳኛ "ኢሜይል ሰርቨር ኢሜይል ለመቀበል ነው የተቀመጠው፣ ፈቅደዋል ማለት ነው" ብሎ ለቀቀው፣ ሃይ ኮርት ግን ፈቃዱ ስርዓቱን ለመስበር የተላከን ጎርፍ አይጨምርም ብሎ ገለበጠው።

እና ደግሞ፣ "ሳይበር" ተብሎ የሚመጣ ፋይል ሁሉ በዚህ ህግ መከሰስ የለበትም። የሰው አካውንት ሰብሮ ገንዘብ የወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ በ2006ቱ ፍሮድ አክት (የማታለል ወንጀል ህግ) ቢከሰስ ይሻላል፣ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ነው፣ ለጁሪም (ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ለሚወስኑት ተራ ዜጎች) ማስረዳት ይቀላል፦ ዋሸ፣ በውሸቱ ገንዘብ ለማግኘት አሰበ፣ አለቀ።

መሳሪያውና ሰውየው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የዚህ ስራ 80 በመቶው ማለት ይቻላል (ቆጥሬ አይደለም) አንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ነገር ከዚህ መሳሪያ መላኩን አሳያችሁ፣ እሺ፣ በመሳሪያው ላይ የነበረው ጣት የማን ነው?

አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ አንድ ግንኙነት የሚታወቅበት ቁጥር) ሰው አይደለም። የቤት ራውተር አይፒ ከሆነ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ወንድም፣ ተከራይ፣ ፓስወርዱ የተሰጠው እንግዳ፣ ሁሉም አንድ አይፒ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ከሆነማ ይብሳል፣ ኩባንያው አንዱን አይፒ በአንድ ሰዓት ለብዙ ደንበኛ ያካፍለዋል፣ ስለዚህ አይፒውን ብቻ ሳይሆን የፖርት ቁጥሩን (አንድ አይፒ ከሚጋሩት ውስጥ የአንዱን ግንኙነት የሚለየውን ቁጥር) እና ሰዓቱን እስከ ሴኮንዱ ካልያዛችሁ "የእሱ ነው" ማለት አይቻልም። ተከላካይ የሆናችሁ፣ ሪፖርቱ ላይ የፖርት ቁጥር መኖሩን እዩ። ከሌለ ደስ ይበላችሁ ግን ቶሎ አትጨፍሩ፣ ሌላ ማስረጃ ሊኖር ይችላል።

ከሳሽ ይሄን ድልድይ እንዴት ይሰራል? ትንንሽ ነገር በመደራረብ ነው። በ2020 የፈረንሳይ ጀንዳርሜሪ ኢንክሮቻት የሚባለውን የምስጢር ስልክ ኔትዎርክ ሰብሮ ሲገባ የእንግሊዝ ፖሊስ እጅ የገባው የመልእክት ክምር ስም የለውም፣ የተጠቃሚ ስም ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ዐቃቤ ህጎቹ የኢንክሮ ስልኩ የነካቸውን የኔትዎርክ ማማዎች ከተጠርጣሪው መደበኛ ስልክ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡ፣ ሁለቱ ስልኮች ቀን ተሌት አብረው ከዞሩ ነገሩ ግልጽ ነው። መልእክት ውስጥ "ዛሬ ልደቴ ነው" ያለ አለ፣ የልጁን ስም የጠራ አለ። አንዱ የሊቨርፑል ሰውዬማ በእጁ ስቲልተን አይብ ይዞ ፎቶ ላከ፣ ፖሊስ ከፎቶው ላይ የመዳፉንና የጣቱን አሻራ አወጣ፣ በ2021 13 ዓመት ተኩል ገባ። አይብ!

ተከላካይ ሲሆኑ ደግሞ ይሄንኑ ክምር አንድ በአንድ መንቀል ነው። ማማው የሚሸፍነው ቦታ ምን ያህል ነው? ደንበኛዬና ሌላ ሰው አብረው ነው የሚኖሩት ወይ? ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይሄድ ነበር ወይ? ዋትስአፕ ከሆነ ሊንክድ ዲቫይስ የሚባል ነገር አለ፣ አንድ ጊዜ ስልኩን ያገኘ ሰው ኮዱን ስካን አድርጎ ከራሱ ላፕቶፕ በእናንተ ደንበኛ ስም ሊጽፍ ይችላል። ላፕቶፕ ላይ የተገኘ የክሮም ሂስትሪ ከሆነ ሲንክ በርቶ ነበር ወይ በሉ፣ ምክንያቱም በሌላ ስልክ የተፈለገ ነገር በሲንክ እዛ ላፕቶፕ ላይ ይመጣል፣ ላፕቶፑ ፊት ማንም ሳይቀመጥ። አይፎን ላይ ስልኩ መቼ እንደተከፈተ፣ የትኛው አፕ ፊት ለፊት እንደነበር የሚመዘግብ ዳታ አለ፣ ይሄ ለሁለቱም ወገን ወርቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ካልተጠየቀ አይወጣም።

"ቫይረስ ነው ያደረገው" የሚለው መከላከያ ደግሞ አለ። በ2003 ሳውዝዋርክ ክራውን ኮርት አንድ የ19 ዓመት ልጅ የአሜሪካውን የሂውስተን ወደብ ኮምፒውተር አውኳል ተብሎ ቀረበ፣ ጥቃቱ ከሱ ኮምፒውተር መውጣቱ አላከራከረም፣ እሱ ግን ሌላ ሰው ትሮጃን (ተደብቆ የሚገባ ጎጂ ፕሮግራም) አስገብቶብኝ ነው፣ ትሮጃኑም ራሱን አጥፍቷል አለ። ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ የትሮጃን ዱካ አላገኘም፣ ጁሪው ግን ነጻ አወጣው። ከዛ ወዲህ የከሰሰ ባሪስተር ሁሉ ይሄን ጥያቄ ቀድሞ መዝጋት አለበት፦ ባለሙያው ማልዌር ስካን አድርጓል ወይ፣ ሰውየው በዛች ደቂቃ ሌላ ምን ሲያደርግ ነበር፣ የባንክ አካውንቱን ሲከፍት ነበር? እናቱን ቻት ሲያደርግ ነበር? ከጥቃቱ ሁለት ደቂቃ በፊትና በኋላ የራሱን ኢሜይል የከፈተ ሰው "እኔ አልነበርኩም" ማለት ይከብደዋል።

ማስረጃው እንዴት ተወሰደ

የእንግሊዝ ፖሊሶች ለዓመታት የሚሰሩበት አራት መርህ አለ፣ ኤሲፒኦ ፕሪንሲፕልስ ይባላሉ። ዳታው እንዳይለወጥ፣ ዋናውን መንካት ግድ ከሆነ የሚነካው ሰው ችሎታ ያለውና ምን እንዳደረገ ማስረዳት የሚችል እንዲሆን፣ ሌላ ሰው ደግሞ ያንኑ ደረጃ ተከትሎ ያንኑ ውጤት እንዲያገኝ መዝገብ እንዲያዝ፣ እና ለዚህ ሁሉ ኃላፊነቱ የምርመራው መሪ ነው። የህግ ድንጋጌ አይደሉም፣ ግን መስቀለኛ ጥያቄ ሲሰሩ ከዚህ የተሻለ መንደርደሪያ የለም።

ሃርድ ዲስክ ከሆነ ራይት ብሎከር (ዲስኩ ላይ ምንም እንዳይጻፍ የሚከለክል መሳሪያ) ተደርጎ ኮፒ መወሰዱንና ሃሽ መመዝገቡን እዩ፣ ሃሽ ማለት የፋይሉ የጣት አሻራ የሆነ ረጅም ቁጥር ነው፣ አንዲት ፊደል ከተቀየረች ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ስልክ ላይ ግን እንደዚህ ንጹህ አይደለም፣ ስልክ ሲከፈት ራሱ ይለወጣል፣ ስለዚህ እዚህ የሚጠየቀው "ተለወጠ ወይ" ሳይሆን "ምን ተለወጠ፣ ማን ያውቃል፣ የት ተጻፈ" ነው። ኤክስትራክሽኑ (ዳታውን ከስልኩ የማውጣቱ ስራ) የትኛው ደረጃ እንደሆነም ጠይቁ። ሎጂካል የሚባለው ላይ ላዩን ነው፣ ፉል ፋይል ሲስተም የጠፉ መልእክቶች ቅሪትና የአፕ ዳታቤዞች ድረስ ይገባል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ተመልሶ በርቶ አንዴም ፓስኮድ ካልገባበት የሚወጣው ዳታ በጣም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ፖሊሱ ሲይዘው አጥፍቶት ነበር ወይስ ሲግናል በሚዘጋ ቦርሳ በርቶ ነው የመጣው የሚለው ትንሽ ነገር አይደለም። ላይ ላዩን ብቻ አውጥተው "ምንም የሚጠቅም መልእክት አልተገኘም" ብለው የሚጽፉ አሉ፣ አልተፈለገም ማለት ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም።

ስክሪንሾት ላይ አጭር ምክር፦ ብቻውን ከመጣ አትመኑት፣ ለማንም ወገን ብትቆሙ። ኮንታክት ስም መቀየር አምስት ሴኮንድ ነው የሚፈጀው። ዋናውን ስልክ ጠይቁ።

ከጥቅምት 2 ቀን 2023 (በፈረንጅ) ጀምሮ ደግሞ የፎረንሲክ ሳይንስ ሬጉሌተሩ (የፎረንሲክ ምርመራ ስራን የሚቆጣጠረው ባለስልጣን) ደንብ በህግ የጸና ሆኗል፣ ባለሙያው ደንቡን አክብሬ ነው የሰራሁት ወይም አላከበርኩም ብሎ ሪፖርቱ ላይ መግለጽ አለበት። ያቺን አንቀጽ ፈልጓት። አለማክበሩ ማስረጃውን በራሱ አይጥለውም፣ ግን ጥሩ ግማሽ ሰዓት የመስቀለኛ ጥያቄ ይወጣዋል።

ሰዓት

እዚህ ላይ የኛ ሰው ልዩ ጥቅም አለው። ብዙ ሰርቨሮች በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ይመዘግባሉ፣ እንግሊዝ በበጋ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ ሪፖርቱ የትኛውን እንደተጠቀመ ካላወቃችሁ የአንድ ሰዓት ክፍተት ውስጥ ሰውን ጥፋተኛ ወይም ንጹህ ማድረግ ይቻላል። የምትሰሩት ታይምላይን ላይ ሁሉንም ወደ አንድ ሰዓት መልሱና ከላይ በትልቁ ጻፉበት።

አሁን በዚህ ላይ ሀበሻ ጨምሩበት። "ማታ በ3 ሰዓት እንገናኝ" የሚል መልእክት 3 ሰዓት ተብሎ ቢተረጎም ጁሪው ለሊት መስሎት ነው የሚሰማው፣ በነሱ 9 ሰዓት መሆኑን ማን ይነግረዋል? ቀኑም እንደዛው፣ ሰው በኛ ካላንደር "በ12 ልኬልሃለሁ" ሲል የእነሱ ስንት እንደሆነ ማስላት አለበት። ጁሪው የሚያየው የእንግሊዝኛውን ትርጉም ብቻ ስለሆነ የአማርኛ ወይም የትግርኛ ቻት ያለበት ፋይል ከመጣላችሁ ትርጉሙን ሌላ ሰው ዋናውን ይዞ እንዲያየው አድርጉ፣ እያንዳንዷን ሰዓትና ቀን። የዚህ ወጪ ከምንም አይቆጠርም።

"ኮምፒውተር አይሳሳትም"

እስከ 2000 ድረስ እንግሊዝ ውስጥ የኮምፒውተር ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ኮምፒውተሩ በትክክል ይሰራ እንደነበር ማሳየት ነበረበት፣ የ1984ቱ ፔስ የሚባለው ህግ አንቀጽ 69 ነበር። ሸክም በዛ ተብሎ ተሻረ፣ በምትኩ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልመጣ ድረስ ማሽኑ በትክክል ሰርቷል ተብሎ ይገመታል። ይሄ ግምት ምን እንዳመጣ ሁሉም ሰምቷል፦ ፖስት ኦፊስ ሆራይዘን በሚባል ፉጂትሱ በሰራው የሂሳብ ሲስተም "ገንዘብ ጎድሏል" እያለ የራሱን ፖስታ ቤት አስተዳዳሪዎች ከሰሰ፣ ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው፣ እስር ቤት የገቡ አሉ፣ ቤታቸውን የሸጡ አሉ። በታህሳስ 2019 ሃይ ኮርት ሲስተሙ ስህተት እንዳለበትና ከሩቅ ሆኖ የሰው ሂሳብ ውስጥ መግባት እንደሚቻል በፍርድ ተናገረ፣ በሚያዝያ 2021 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ 39 ፍርዶችን ሻረ፣ በ2024 ደግሞ ፓርላማው የቀሩትን በጅምላ የሚሽር ህግ አወጣ።

ለስራችን የሚጠቅመው ይሄ ነው። ተከላካይ "ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል" ብሎ ብቻ ቢል ማንም አይሰማውም፣ ግምቱን የሚነካ ነገር ማምጣት አለበት፣ ያንን ለማምጣት ደግሞ መረጃው ያለው በከሳሽ ወይም በኩባንያው እጅ ነው። ስለዚህ በጽሁፍና በዝርዝር ጠይቁ፦ የታወቁ ስህተቶች መዝገብ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያ ታሪክ፣ ማን ማን የአድሚን መብት እንዳለው፣ የሄልፕ ዴስክ ቅሬታዎች፣ የኦዲት ሪፖርት። "ሁሉንም ነገር ስጡን" የሚል ጥያቄ ዳኛው ይጥለዋል፣ "ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለው የስህተት መዝገብ" የሚለውን ግን መጣል ይከብደዋል። ከሳሽ ከሆናችሁ ደግሞ እነዚህን ጥያቄዎች ራሳችሁ ለኩባንያው ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከሳሽ የተጠርጣሪ ጠላት አይደለም፣ ሰውየው በሶፍትዌር ስህተት ቢታሰር ስማችሁ መዝገቡ ላይ ነው ያለው።

የኛን አገር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (በኛ አቆጣጠር) የምታውቁ ደግሞ አወዳድሩት፣ የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ህግ ነው ይልና መሰረታዊ ፍሬ ነገሮችን ካስረዳ በኋላ ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ሸክሙን ወደ ተከሳሽ ሊያዞረው ይችላል። እኔ በግሌ ይሄ ያስፈራኛል፣ ከሆራይዘን በኋላማ በጣም።

ዲስክሎዠር፣ ማለትም የሚጎዳችሁንም ማስረጃ ማሳየት

የ1996ቱ ህግ ከሳሹ የራሱን ክስ ሊያዳክም ወይም ተከሳሹን ሊረዳ የሚችል ነገር በእጁ ካለ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ወረቀት በነበረ ጊዜ አንድ ካርቶን ነበር፣ አሁን አንድ ስልክ ውስጥ መጽሀፍ ቤት አለ። በታህሳስ 2017 ክሮይደን ክራውን ኮርት የሆነው ነገር ለሁሉም ትምህርት ሆነ፦ አንድ ተማሪ ሁለት ዓመት ገደማ በአስገድዶ መድፈር ተጠርጥሮና ተከሶ ቆየ፣ ተደፈርኩ ካለችው ሴት ስልክ የወጣ ከ40,000 በላይ መልእክት ለተከላካዩ አልተሰጠም ነበር፣ ጉዳዩን በመጨረሻ ሰዓት የተረከበው የዐቃቤ ህግ ባሪስተር ራሱ ነው "ስጧቸው" ያለው፣ የተከላካይዋ ባሪስተር ሌሊቱን አነበበችው፣ ክሱ ፈረሰ። ያኔ ያዳነው የከሳሹ ወገን ባሪስተር ታማኝነት መሆኑን አስተውሉ።

ሁሉንም ማንበብ ስለማይቻል በቃል ፍለጋ ነው የሚሰራው፣ ፖሊስ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ያወጣል፣ ተከላካይ መጨመር ይችላል፣ ብዙው ግን አይጨምርም። የኛ ሰው ስልክ ከሆነ ደግሞ የእንግሊዝኛ ቃል ዝርዝር ምንም አያወጣም። ሰዉ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው፣ ያውም አንዱን ቃል አራት አይነት፣ ገንዘብን "ብር" ይላል፣ "ጨላ" ይላል፣ "ፍራንክ" ይላል። ቮይስ ሜሴጅ ደግሞ በቃል ፍለጋ ጭራሽ አይገኝም። የመከላከያ መግለጫችሁን ስትጽፉ እነዚህን ቃላት ከነአጻጻፋቸው ዘርዝራችሁ ስጡ፣ መግለጫው ከሳሹ ማስረጃውን ካሳወቀ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፣ ፖሊስ በነዚህ ቃላት አልፈልግም ካለ በዚሁ የ1996ቱ ህግ አንቀጽ 8 ወደ ዳኛው ትሄዳላችሁ።

ከመንገዱ ላይ የተያዘና ከስልኩ የተወሰደ

ይሄ አጭር ነው ግን እወቁት። እንግሊዝ ውስጥ መልእክት በመንገድ ላይ እያለ ከተጠለፈ በ2016ቱ የምርመራ ስልጣን ህግ በመደበኛው ፍርድ ቤት ማስረጃ መሆን አይችልም፣ ከተቀመጠበት ከተወሰደ ግን በትክክለኛ ዋራንት ይቻላል። የኢንክሮቻት ተከላካዮች በሙሉ ኃይላቸው "በመንገድ ላይ ነበር" ብለው ተከራከሩ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2021 መልእክቶቹ ስልኩ ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው የተወሰዱት ብሎ ዘጋው። ፓስወርድ አልሰጥም ያለ ተጠርጣሪ ደግሞ ሪፓ በሚባለው ሌላ የምርመራ ህግ አንቀጽ 49 በዳኛ ፈቃድ ትእዛዝ ሊደርሰው ይችላል፣ እምቢ ካለ እስከ 2 ዓመት፣ በአገር ደህንነትና በህጻናት ጉዳይ እስከ 5። "ራሴን እንድወነጅል እየተገደድኩ ነው" የሚለው ክርክር በ2008 ተሞክሮ ወድቋል። ደንበኛችሁ "ረሳሁት" ካለ ግን ጉዳዩ የፍሬ ነገር ነው፣ ማስታወሱ መረጋገጥ አለበት።

ጁሪ ፊት

ጁሪ 12 ሰው ነው፣ ከነሱ ውስጥ አንዱ አይቲ ሊሆን ይችላል፣ አንዷ ደግሞ ኢሜይል እንኳን የማትልክ አያት። ለአያትየዋ ተናገሩ። ሁለቱ ወገን ባለሙያዎች ችሎት ሳይጀመር ተገናኝተው የሚስማሙበትንና የማይስማሙበትን በአንድ ወረቀት እንዲጽፉ አድርጉ፣ ብዙ ጊዜ 90 በመቶውን ይስማማሉ፣ ቀሪዋ ብቻ ትቀራለች፣ ዳኛውም ይወዳችኋል። የከሰሰ ባሪስተር አንድ ገጽ ታይምላይን ይስጥ፣ 40 ገጽ ቴብል አይስጥ።

ባለሙያን መስቀለኛ ጥያቄ ስትጠይቁ አትዋጉት። ትሁት ሆናችሁ፣ አዎ ወይም አይደለም በሚባል ጥያቄ ወደምትፈልጉት ቦታ ውሰዱት፦ "ዶክተር፣ ሪፖርትዎ ይህ ፋይል በ14ኛው ቀን መፈጠሩን ይናገራል፣ ትክክል? ማን እንደፈጠረው አይናገርም፣ ትክክል? በዛ ቀን ኮምፒውተሩ ፊት ማን እንደተቀመጠ ሊያውቁ አይችሉም?" እና ተቀመጡ። አንድ ጥያቄ ጨምራችሁ "ታዲያ እንዴት የሱ ነው አሉ?" ካላችሁ በራሳችሁ ፈረዳችሁ፣ ያን ምክንያት እየጠበቀ ነበር።

የከሳሽ ማስረጃ ሲያልቅ ተከላካይ እኛ ጋ ይከላከል ወይስ በነጻ ይሰናበት እንደሚባለው ብይን እንዲሰጥ መጠየቅ ይችላል፣ በ1981ዱ የጋልብሬዝ ፍርድ መለኪያ (ማስረጃው ጁሪ ጥፋተኛ ሊልበት የሚያስችል ነው ወይ) ነው የሚታየው። ከአይፒ አድራሻ ሌላ ምንም ያልመጣበት ክስ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይገባል።

ማመንና ቅጣት

ከባዱ ምክር የሚሰጠው ግን ከችሎቱ በፊት ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ያመነ ሰው ቅጣቱ አንድ ሶስተኛ ይቀነስለታል፣ ከዛ በኋላ አንድ አራተኛ፣ ችሎቱ በሚጀመርበት ቀን ከሆነ አንድ አስረኛ። ችግሩ በዛ በመጀመሪያው ቀጠሮ የስልኩ ዳታ ገና ላብራቶሪ ነው ያለው። ደንበኛው ያደረገውን ያውቃል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን አንቀጽ 3 ላይ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሊገባበት ያልፈለገው ሲስተም ውስጥ ገብቷል ወይ የሚለውን እሱም ላያውቅ ይችላል። የቅጣት መመሪያው ተጨማሪ መረጃ ሳያገኝ ማመን አለማመኑን መወሰን ለማይችል ሰው የተወው ቀዳዳ አለ፣ ለምን እንዳልቻለ በዛኑ ቀን ለዳኛው ነግራችሁ መዝገብ ላይ አስይዙ፣ በኋላ ብትሉት አይሰማም።

ለቅጣት ክርክር ደግሞ የ2012ቱን የማንጋም ጉዳይ አንብቡ፣ ፌስቡክ ውስጥ ሰብሮ የገባ ተማሪ ነው፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ 8 ወሩን ወደ 4 ሲያወርድለት ምን ምን እንደሚታይ ዘረዘረ፦ ታቅዶ ነበር ወይ፣ ስንት ጊዜ ተደጋገመ፣ ምን ጉዳት ደረሰ፣ ምን መረጃ ታየ፣ ለገንዘብ ነበር ወይ፣ የልጁ ስነልቦና እንዴት ነው። ደንበኛችሁ ወጣት ከሆነ የሳይኮሎጂስት ሪፖርት በጊዜ አሰሩ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እነዚህ ፋይሎች ውስጥ አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ከሳሽ ከሆናችሁ ደግሞ የጉዳቱን ሂሳብ በወረቀት ያዙ፣ "ብዙ ሚሊዮን ጠፋብን" የሚል የኩባንያ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፣ ስንት ሰው ስንት ሰዓት እንደሰራ የሚያሳየውን ሰነድ ጠይቁ፣ ከጉዳቱ ጋር የማይገናኝ አዲስ ሰርቨር የገዙበትን ወጪ ጨምረው የሚልኩ አሉ።